ማንም እንዳይዘኝ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ከወንበር ስምንት ጊዜ ነው የተነሳሁት። ጎረቤቴ ሸምሲያ ሰባት ነው ትላለች። «አንዱን ወንበሩን ነክተሻል» ብላ ቀነሰችብኝ። ወላሂ አልነካሁም! ቀሚሴ ነው የነካው። ቀሚስ ይቆጠራል እንዴ?

ስምንት ብዬ እጽፋለሁ። ደብተሩ የኔ ነው።

ደብተሩን የሰጠችኝ ሃያት ናት፣ ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ልጅ። ዶክተር ስላት «ዶክተር አይደለሁም እማማ» ትላለች። ነጭ ጋውን ለብሳ ጉልበቴን አገላብጣ ካየች ለኔ ዶክተር ናት። «በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደሰሩ ጭረት ብቻ ያድርጉበት» አለችኝ። ፊደል የማላውቅ መስሏት ይሆናል። እኔ ከድጃ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀን በርበሬ ስቀነጥስ ውዬ፣ በሚያቃጥል ጣቴ ጠመኔ ይዤ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ጭረት አልጭርም። እጽፋለሁ።

የታዘዝኩት ይሄ ነው፦

ላስቲኩን በእግሬ ረግጬ ወደ ደረቴ መሳብ። አስር።

በሩ እጀታ ላይ አስሬ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው መሳብ። አስር።

ሁለቱን ጉልበቶቼን አንድ ላይ አስሬ መክፈት፣ መግጠም። አስር። (ይሄን ስሰራ በር እዘጋለሁ።)

እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ። እስከቻልኩ።

ከመሬት መነሳት። ይሄ ገና ነው።

ላስቲኩ አረንጓዴ ነው፣ እንደ መቀነት ሰፋ ያለ። ስስበው ይለጠጣል፣ ስለቀው ይመለሳል። መጀመሪያ ቀን «ይሄ ነው እንዴ መድኃኒቱ?» ብዬ ስቄ ነበር። ማግስቱን ትከሻዬን ማንሳት ሲያቅተኝ ሳቄ ጠፋ።

የሁሉም ነገር ምክንያት መጋቢት ላይ ጓሮ ቧንቧው አጠገብ መውደቄ ነው። አጥንቴ አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን መነሳት አቃተኝ። ከዙህር እስከ አስር ሶላት ድረስ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማይ ሳይ ቆየሁ። የገዛ ዶሮዬ ሆዴ ላይ ወጥታ ቆመች። ሸምሲያ ጨው ልትበደር ባትመጣ ኖሮ እዚያው ይመሽብኝ ነበር። ጎረቤት አይጥፋ።

ይሄን የሰማ ልጄ ከድር «ብቻሽን መኖር አበቃ እማ» አለ። እሱ አዲስ አበባ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቤቴን የሚከራይ ሰው ሁሉ አግኝቷል። ለአረፋ ሲመጣ ጭኖኝ ሊመለስ ነው። በስልክ ስንጨቃጨቅ ከርመን ባለፈው ሳምንት እንዲህ አልኩት፦ «ስትመጣ ፊትህ መሬት ላይ ቁጭ እላለሁ። ማንም ሳይዘኝ፣ ምንም ሳልይዝ ከተነሳሁ እዚሁ ቡታጅራ እኖራለሁ። ካልተነሳሁ እቃዬን ጫን።»

«እሺ» አለ። የሳቀ መሰለኝ። ያናደደኝ ሳቁ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ከወንበር ዘጠኝ። ሸምሲያ ስላልነበረች ክርክር የለም።

ጨረቃዋ ታይታለች። የሚቀጥለው ሳምንት አርብ አረፋ ነው።

ለቅሶ ቤት ደርሼ መጣሁ። ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ልነሳ ስል አንዷ ብብቴን ያዘች፣ አንዷ ወገቤን፣ ሌላዋ ክንዴን። «ተዉኝ፣ ራሴ እነሳለሁ» ብል ማን ሊሰማኝ! «ኧረ አትድከሚ፣ እኔ አለሁልሽ!» እንደ ጆንያ አንስተው አቆሙኝ። ጉልበቴ ምንም አልሰራም። ተንጠልጥዬ ነው የቆምኩት።

እዚህ ከተማ ሽማግሌ ሲነሳ አይቶ ዝም ያለ ሰው ባለጌ ነው የሚባለው። እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚሁ ነበርኩ፤ ስንቷን አሮጊት ብብቷን ይዤ አንስቻለሁ። ተመርቄበታለሁ። አሁን ሳስበው የስንቷን ጉልበት አስንፌ ይሆን?

ሃያት በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝ ይሄንኑ ነው። «እማማ፣ ያደከመዎት መውደቁ ብቻ አይደለም። ከወደቁ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሰው እያነሳዎት፣ ሰው እያቀረበልዎት ስለተቀመጡ ነው።» ያኔ ተቀይሜያት ነበር። ጎረቤቶቼን የሰደበች መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ከወንበር ዘጠኝ። የበር ሳብ አስር። የጉልበት መክፈት አስር፣ በር ተዘግቶ።

ከድር ደወለ። «እንዴት ነው ስፖርቱ?» አለኝ። ስፖርት ሲል አፉን ጠመም አድርጎ እንደሆነ በስልክም ይታወቀኛል። «የአዲስ አበባ ቤት ፀሐይ ይገባል፣ በረንዳ አለ» አለ። በረንዳ! እኔ ጓሮ ያለኝ ሰው በረንዳ ልሸለም? አራተኛ ፎቅ ሆኜ ማንን ነው «አሰላሙ ዓለይኩም» የምለው? ርግብ?

«ለአንቺ ብዬ ነው እማ» ይላል። ለኔ ብሎ መሆኑን አውቃለሁ። መጥፎ ልጅ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ሌላ አስር ሳብኩ።

አንድ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ከወደቅኩ ጀምሮ የምሰግደው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ይፈቀዳል፣ ሃይማኖቱ አያስጨንቅም። ግን ግንባሬ መስገጃ ሳይነካ ሁለት ወር አለፈ። አንገቴን ብቻ ዝቅ አደርጋለሁ። መስገጃው ፊቴ ተነጥፎ ባዶውን ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ትናንት አልጻፍኩም። የተናደድኩ ቀን አልጽፍም ብዬ ነበር፣ ግን ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ትናንት ድፍረቱ መጣብኝና የአንድ ጆንያ በርበሬ ቅንጠሳ ላይ ሸምሲያን ላግዛት ብዬ መሬት ቁጭ አልኩ። መቀመጡስ ቀላል ነበር። ቀንጥሰን፣ አውርተን፣ ሰው አምተን ጨረስን። (አስታግፊሩላህ።) እሷ ጆንያውን ይዛ ስትወጣ ብቻዬን ልነሳ ሞከርኩ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ወደ ጎን ተደፋሁ። በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያለቀስኩት በበርበሬው ነው ብል ማንን አታልላለሁ፤ ደብተሩ የኔ ነው።

ሸምሲያ ስትመለስ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። «በቃ ከድጃ፣ ለእድሜሽ አይሆንም» አለች። «ላስቲክ የሚስቡ የኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ልጅሽ ሊጦርሽ ሲፈልግ እምቢ ማለት ጥጋበኛ ያሰኛል። እኔን የሚጦረኝ ባገኝ!» የሷ ልጆች ዓረብ ሀገር ናቸው፣ ከሄዱ ስንት ዓመታቸው። ያለችው ለክፋት አይደለም። እኔ ግን «ከፈለግሽ አንቺ ሂጂና አራተኛ ፎቅ ተቀመጪ» ብዬ መለስኩላት። ተኮራርፈን ተለያየን።

ለሃያት ደወልኩ። «ሲነሱ እንዴት አድርገው ነው?» አለችኝ። እግሬን ዘርግቼ፣ ቀጥ ብዬ ወደ ላይ እንደሆነ ነገርኳት። ሳቀች። «እማማ፣ እንደዚያ እኔም አልነሳም! መጀመሪያ ወደ ጎን ይዙሩ፣ በእጅና በጉልበትዎ ይሁኑ። ከዚያ አንዱን እግር ወደ ፊት፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ገፋ አድርገው ይነሱ። ቀስ በቀስ ነው፤ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ የሄደው ዶሮ ሆኖ ነው» አልኳት። «እኔ ዶሮነቴ አልፏል።» እስክታስል ሳቀች። ይቺ ልጅ ስትስቅ ደስ ትላለች፣ እንደ ከድር አይደለም።

እሁድ፣ ግንቦት 24

ጉድ ፈላ። ላስቲኬ የለም።

ከድር ገንዘብ ልኮ የሸምሲያ ባል የአረፋ በግ ገዝቶልኝ ነበር፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ሰው የሚንቅ በግ። ጠዋት አምጥተው ግቢ ሲያስገቡት ገመድ ጠፋ። ሸምሲያ፣ ኩርፊያችንን ልታበርድ ፈልጋ መሰለኝ፣ ቤት ገብታ በሩ እጀታ ላይ የተንጠለጠለውን አረንጓዴ ላስቲክ ፈትታ በጉን ከምሰሶው አሰረችበት! «ጠንካራ ነው ስትይ አልነበር?» አለች።

በጉ ሲስብ ተለጠጠ። ሲመለስ መለሰው። ደነገጠና እንደገና ሳበ። እኔ ደርሼ እስክጮህ ድረስ ሃያ ጊዜ ሳይሰራ አይቀርም፤ እኔን በልጦኛል። በመጨረሻ ጧ! በሩ ደግሞ ክፍት። በጉ ቁራጭ አረንጓዴ ላስቲክ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ አስፋልቱ። የሸምሲያ ባል ከኋላው፣ ሸምሲያ ከባሏ ኋላ፣ «ያዙት! ያዙት!»። ባጃጆች ቆሙ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ነው የተያዘው፣ ልክ ቦታውን አውቆ እንደሄደ።

መጀመሪያ ልቆጣ ነበር። ሸምሲያ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ፣ ላብ በላብ ሆና በጉን ቀንዱን ይዛ ስትመጣ ሳያት ግን ሳቅ ገደለኝ። እሷም ሳቀች። ታረቅን።

ሳቁ ሲያልፍ ታየኝ፤ አምስት ቀን ቀርቶኛል፣ ላስቲክ የለኝም። ሃያት ደግሞ ሌላ የላትም፤ ይሄንንም ከራሷ ነው የሰጠችኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

እጅ አልሰጥም።

ጎሚስታው በድሩ ጋ ሄድኩ። ጎማ ሲለጥፍ ነው የኖረው፤ ከሟቹ ባሌ ጋር እኩያ ነው። «አሰላሙ ዓለይኩም በድሩ። የባጃጅ ከመነዳሪ ቁረጥልኝ። ያ የጎማው ሆድ ውስጥ ያለው፣ የሚለጠጠው።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ባጃጅ ገዛሽ እንዴ ከድጃ?»

«ባጃጁ እኔ ነኝ።»

ላስረዳው ብዬ አንዱን አሮጌ ከመነዳሪ በእግሬ ረግጬ ወደ ደረቴ ሳብኩት፣ እዚያው መንገድ ዳር። ሰው ቆሞ አየኝ። ይይ! ባጃጅ የሚጠብቁ ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው «ማዘር ጂም ገብታለች» እያሉ ሲስቁ ሰማሁ። «ኑ እናንተም ሳቡ» አልኳቸው። አንደኛው መጥቶ ሳበ፣ ፊቱ ቀላ። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በድሩ ረጅም አድርጎ ቆረጠልኝ፣ ጫፉን በመቀስ አስተካከለ። ገንዘብ ላወጣ ስል እምቢ አለ። ልሄድ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከድጃ፣ ለወገብ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለወገብም ይሆናል» አልኩት። ለራሱም አንድ ሲቆርጥ ትቼው መጣሁ።

ከመነዳሪው ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ ከአረንጓዴው ሁለት እጥፍ ይከብዳል። አምስት ሳብኩ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ሃያት በስልክ «ካመመዎት ይተዉ፣ ካደከመዎት ግን አይተዉ» ብላኛለች። ድካም ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

በከመነዳሪ ስምንት። ከወንበር አስራ አንድ!

ከመሬት፦ አልጋ ይዤ አንዴ። አልጋው ተንቀሳቀሰ፣ እኔ ግን ተነሳሁ። ሃያት እንዳለችው፣ ወደ ጎን፣ በእጅና በጉልበት፣ አንድ እግር ወደ ፊት።

ከድር ቤቴን ሊያከራየው ያገኘው ሰው ደውሎ «እማማ፣ መስኮቱ ስንት ሜትር ነው? መጋረጃ ላሰፋ ነው» አለኝ። «በመስኮቴ ላይ የራሴ መጋረጃ አለ» ብዬ ዘጋሁት። ሰውየው ምን አጠፋ? ቤት ፈላጊ ነው። እኔም ቤት ፈላጊ ነኝ፤ የራሴን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ተነሳሁ።

ተነሳሁ! አልጋ ሳልይዝ፣ ግድግዳ ሳልይዝ፣ ሰው ሳይዘኝ። እጄ መሬቱንና የገዛ ጉልበቴን ብቻ ነው የነካው። ጉልበቴ ቀጭ አለ፣ ራሴ ትንሽ ዞረ፣ ግን ቆምኩ። መሀል ቤት ብቻዬን ቆሜ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ጮኽኩ። በጉ ከውጭ መለሰልኝ።

እንደገና ሞከርኩ፣ ተነሳሁ። ሦስተኛው እምቢ አለኝ። ሁለት ይበቃል።

ሸምሲያን ጠርቼ ነገርኳት። «እስቲ አሳዪኝ» አለች። ቁጭ አልኩ፣ ዞርኩ፣ እግሬን ላወጣ ስል ብብቴን ያዘችኝ!

«ሸምሲያ!»

«እንዴ፣ ስትወድቂ ዝም ብዬ ልይ?»

«አልወደቅኩም እኮ! እየተነሳሁ ነው!»

«ዓይኔ እያየ አያስችለኝም» አለች። እውነቷን ነው፣ እጇ ሳታስበው ነው የሚመጣው። አሁንም አላመነችኝም። ነገ ከድር ይደርሳል፤ ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28፣ የሴቶች አረፋ

ዛሬ የሴቶች አረፋ ነው። ዛሬ የኛ ነው፣ ነገ የወንዶቹ፣ የእርዱ። ከጠዋት ጀምሮ ጎመኑ ተቀቀለ፣ ቆጮው ተጋገረ፣ ቅቤው ተነጠረ። ጎረቤት ሁሉ እኔ ቤት ነው። ፆመኛም ብሆን ሽታው ብቻ ያጠግባል።

ከድር ከሰዓት በኋላ ደረሰ፣ ከሚስቱ ከሙናና ከልጆቹ ጋር። አቅፎኝ ሲስመኝ ሆዱ ቀድሞ ደረሰኝ። ወፍሯል። ዓይኑ ደክሟል። ልጄ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

እስከ ማፍጠሪያ ድረስ መጠበቅ ነበረብኝ። ሆዴ ባዶ ነበር፣ ከንጋት ጀምሮም ቆሜ ነው የዋልኩት። ግን ያ ከድር «እና እማ፣ ስፖርቱስ?» ሲል በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ ደሜ ፈላ። «አሁኑኑ!» አልኩ። ምንጣፉ መሀል ሄጄ ቁጭ አልኩ። 

ወደ ጎን ዞርኩ። እጅና ጉልበት። አንድ እግሬን ወደ ፊት አወጣሁ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። መቀመጫዬ ከመሬት ተነሳ። ወላሂ ተነስቼ ነበር!

«እኔን!» አለች ሙና፣ ሮጣ ክንዴን ያዘች። «እኔ ልውደቅልሽ!» ሸምሲያ ብብቴን። «ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!» ሌሎቹ ከወገቤ። ስድስት ሴት ሆነው አንስተው አቆሙኝ። እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

«ልቀቁኝ! ማንም እንዳይዘኝ ብዬ አልነበር?»

«አየሽ እማ» አለ ከድር፣ ቀስ ብሎ፣ በርኅራኄ። በርኅራኄው ነው አንጀቴ ያረረው። «ሰው ባይኖር ምን ትሆኚ ነበር?»

ሰው ባይኖር ተነስቼ ነበር! ያ ነው እኮ ነገሩ! ሁሉንም ወደ ግድግዳ አባርሬ እንደገና ቁጭ አልኩ። ግን ጾም፣ ድካም፣ ንዴት፤ ጉልበቴ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሁለቴ ሞከርኩ። አልሆነም። በመጨረሻ ከድር ራሱ መጥቶ አነሳኝ፣ እኔም ክንዴን ሰጠሁት።

በመግሪብ ቴምር በአፌ ሳደርግ ጣዕሙ አልታወቀኝም። ወንበሬ ላይ ሰገድኩ።

አርብ፣ ግንቦት 29፣ አረፋ

በጉ ታረደ። ለሸምሲያ ትልቁን ብልት ሰጠሁ፣ ላስቲኬን ያስበጠሰችበትን በግ ትብላው።

ስፖርት አልሰራሁም። ማን አይቶኝ፣ ለምን ብዬ። ሙና ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈች ነበር። «እማዬ፣ ይሄንን ይፈልጉታል?» እያለች ከመነዳሪዬን በሁለት ጣት አንጠልጥላ አሳየችኝ። እፈልገዋለሁ አልኩ። ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ይሸታል አለች። በእጄ እይዘዋለሁ አልኩ።

ከድር በጉን ሊገፍ ቁጢጥ ብሎ ከዚያ ሲነሳ የበሩን መቃን ሲይዝ አየሁት። ሁለት እጁን ተጠቅሞ፣ «እህህ» ብሎ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። 

እሁድ ጠዋት ይሄዳሉ። እኔን ይዘው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው፣ በኋላ ራሴን እንዳላታልል።

ዙህር ተጠራ። ታጥቤ ዉዱእ አደረግኩ። ሙና እንደልማዷ ወንበሩን አምጥታ መስገጃው አጠገብ አደረገችልኝ። ከድር ሶፋው ላይ ስልክ ይነካካል፣ ሸምሲያ ልትሰናበተኝ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ወንበሩን አየሁት። መስገጃውን አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ።

ሶላት ላይ ያለን ሰው ማን ይነካል? ማንም። ከድርም፣ ሙናም፣ ያቺ እጇ የማያርፍ ሸምሲያም። አላሁ አክበር ካልኩ በኋላ እስካሰላምት፣ ሶላቴን እስክጨርስ ድረስ እኔን መያዝ የሚደፍር ሰው ቡታጅራ ውስጥ የለም።

ወንበሩን በእግሬ ገፋሁት። «እማ!» አለ ከድር። አላሁ አክበር አልኩ።

ቆሜ ቁርኣን ቀራሁ። ጎንበስ ብዬ ሩኩዕ አደረግኩ። ከዚያ ወደ መሬት። እጄ፣ ጉልበቴ፣ ግንባሬ። ሁለት ወር ከአስር ቀን! የመስገጃው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሳላስበው እንባዬ ወረደ፤ ለምን እንደመጣሁ ረሳሁት። ከሁለተኛው ሱጁድ ስነሳ በእጅና በጉልበት ነበርኩ። አንድ እግር ወደ ፊት። ገፋ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ከኋላዬ ሙና «እኔን» ብላ ስትንደረደር፣ ከድር «ተዪያት! ሶላት ላይ ናት!» ሲላት ሰማሁ።

ቆምኩ።

ዙህር አራት ረከዓ ነው። አራተኛው ቁጭ ተብሎ ስለሚያልቅ ሦስቴ ከመሬት ተነሳሁ። ሦስተኛው ላይ ዘግይቼ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ፣ ግን ማንም ሳይዘኝ፣ ምንም ሳልይዝ። ቃሌ አንዴ ነበር።

በቀኝ አሰላመትኩ፣ በግራ አሰላመትኩ። ዞር ስል ከድር ቆሟል፣ ስልኩ ሶፋው ላይ ወድቋል። ሸምሲያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ለካ እጇን መያዝ ትችላለች!

ከድር መጥቶ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።  «እማ፣ ፈርቼ እኮ ነው» አለ። «ስልክ ሳታነሺ በዘገየሽ ቁጥር ያ ቧንቧ አጠገብ የተኛሽ ይመስለኛል። ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰው ያናግረኛል፣ አልሰማም።»

ይሄን ነግሮኝ አያውቅም። ራሱን ዳሰስኩት። ጸጉሩ ሳስቷል ልጄ።

«እኔም እፈራለሁ» አልኩት። «ግን እዚህ ሆኜ ልፍራ።»

ሳቀ። ያን የስልኩን ሳቅ አይደለም። ከዚያ ሊነሳ ሲል ሶፋውን ያዘ። እጁን መታሁት። «ሳትይዝ!» ሞከረ። ወደ ጎን ተደፋ። ልጆቹ ተንከትክተው ሳቁበት። «ወደ ጎን ዙር፣ በእጅና በጉልበትህ ሁን፣ አንድ እግር ወደ ፊት» አልኩት። በሦስተኛው ተነሳ፣ ቲማቲም መስሎ። ከመነዳሪዬን ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ሰጠሁት።

ሙና ሻንጣውን እየፈታች ነው። ከድር ለተከራዩ ደወለለት። «ለጊዜው» ነው ያለው። እስከሚቀጥለው አረፋ ማለቱ ነው። እስከዚያ ያድርሰኝ እንጂ።

ሁሉም ደስ ብሏቸው ሲበሉ እኔን ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ወንበሩን ስገፋ ማንን ነበር የማስበው? አላህን ወይስ ከድርን? ለልጅ ብሎ መስገድ ሶላት ነው? ሱጁዱ ላይ ረስቼው ነበር፣ እውነት ነው። ስነሳ ግን ከኋላዬ ማን እንዳለ አውቅ ነበር። ጆሮዬ እነሱ ጋ ነበር። አስታግፊሩላህ። ማንን ልጠይቅ? ለሼኹ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብዬ እነግራለሁ?

እሁድ፣ ሰኔ 1

ሄዱ። በጠዋቱ። ከድር መኪና ውስጥ ሆኖ ከመነዳሪውን በመስኮት አውለበለበልኝ። ልጆቹ «አያቴ፣ አስር አስር!» ይላሉ። ሸምሲያ አለቀሰች፣ የኔ ልጆች ሆነው ለቅሶው የሷ ነው። ከዚያ «ነገ ከኔ ጋር ትጀምሪያለሽ፣ በሩንም እንዘጋለን» አልኳት። እሺ አለች። በድሩ ጋ የሚቆረጥ አንድ ሌላ አለ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ቧንቧው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። መሬቱን አየሁት። ነገም ሊጥለኝ ይችላል፣ አይዋሽም። ስልኬን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ፤ ከድርን ያን ያህል እሺ ብየዋለሁ። ፕላስቲኩን ወንበር ግቢ አውጥቼ የበርበሬ ወንፊት አስቀመጥኩበት።

ከወንበር አስራ ሁለት። በከመነዳሪው ግማሽ አስር። ካጠረ ይከብዳል።

ዙህር ሲጠራ በሩን ዘጋሁ፣ መቀርቀሪያውን አደረግኩ። መጋረጃዬንም ሳብኩ። የዛሬውን ሰገድኩ። ከዚያ የትናንቱን ደገምኩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማንም ሳያየኝ። ስድስቴ ተነሳሁ።

ሸምሲያ ነገ ስንት ነው ብትለኝ አልነግራትም።